የውስጧ ማሽን በር

ደብረ ታቦር፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለአያ ታሪኩ ሙላቴ፣ ኦማን በረሃ

ከጉና ብርድ የጠነከረ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። በረሃው እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ውርጭ፣ አንተ ጋ እሳት፤ ሁለቱን ቢቀላቅሏቸው አንድ ደህና አገር ይወጣቸው ነበር። እኔ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ነኝ እንዴ! ከተማው በኔ ነው የሚተነፍስ።

ይኸን ወረቀት የምታመጣልህ እየሩስ ናት፣ የጎረቤታችን ልጅ። ለሥራ መስካት ስለምትገባ እዚያ ላለችው ላገራችን ሰው ለእትዬ ብርቱካን ትሰጣታለች፣ እትዬ ደግሞ እንደ ልማዷ ቀለብ በሚያመጣላችሁ መኪና ትልክልሃለች። ምን ይደረግ፣ ኔቱ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ ጥንቱ ወረቀት ይዞ መንገደኛ ፍለጋ ነው። አንተም የምትሠራበት ካምፕ ውስጥ የስልክ ሞገድ የለም ትላለህ፣ ያለው የኩባንያው ኔት ብቻ።

ሱቄ ከመናኸሪያው አጠገብ እንዳለች ናት። ትተህልኝ የሄድከው ኮምፒውተር በሰው ፍላሽ ቫይረስ ታሞ ሞቶ ነበር። ማን አስነሣው? እኔ! ፎርማት አድርጌ፣ አንተ ከውስጡ የሠራሃትን ሁለተኛዋን ማሽን፣ ያቺን ኮምፒውተር ውስጥ ያለች ኮምፒውተር፣ እሷንም እንደ አዲስ ወለድኳት። ማዶ ሱቅ የከፈተው አያሌው ዲፕሎማ አለው አሉ። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ነው፤ ማሽን ሲበላሽበት ግን ወደ ማን ይሮጣል? ደብረ ታቦር ላይ ኮምፒውተር ማለት ይሻው ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት የሚያስተምረኝ ስላለቀ ነው።

አጎቴ አሁንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጋፋት በእግራቸው ይመጣሉ። ካሜራው ፊት፣ አንተ ከዚያ ሆነህ ታያቸው በነበረባት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቁጭ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ዛሬም የለም?» ይላሉ።

«የለም፣ ኔት ጠፍቷል።»

«የት ሄዶ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ሁሉን አውቃለሁ ትል አልነበር እንዴ? ይኸ ነው ያቃተህ?»

ደንበኛው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም «አላቃተኝም፣ ጊዜ አጥቼ ነው» አልኳቸው።

ቃላቸውን እንዳሉት ጻፍኩልህ፦ «ልጄ ታሪኩ፣ ጥጃዋ ወልዳለች፣ ላም ሆናለች ማለት ነው። ጤፉ ደህና ገባ። እንቅልፍህን ተኛ። እህል ብላ። ፊትህን ካየሁ ቆየሁ፣ ከስተህ እንደሆነ አልወድም።»

ታናሽህ፣ የሁሉ ታላቅ፣
ይሻው


ኦማን፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይሻው

የአባቴ አምላክ ይጠብቅህ፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ። ወረቀትህ ደረሰችኝ። ጥጃዋ መውለዷን አነበብኩና ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የሚተኛው ሰውዬ ምን አሳቀህ አለኝ፤ ስለ ጥጃ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝና ተውኩት። ካምፑ ውስጥ የኛ አገር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አማርኛ የምሰማው አንተን ሳነብ፣ ድሮ ደግሞ እሑድ እሑድ አባቴን ሳይ ነበር።

እዚህ የቪዲዮ ጥሪ ክልክል ነው። እኔ የኮምፒውተር መስመር ጠጋኝ ስለሆንኩ ግን ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በመስመር መግባት ይፈቀድልኛል። የምገባው ወደ ውስጧ ማሽን ነው። የውጪው የአንተ ነው፤ ፊልም የሚጫንበት፣ ጌም የሚጫወቱበት፣ ያገኘው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት የገበያ አህያ ነው። የውስጧ ንጹሕ ናት፤ ካሜራውም ያለው በሷ ነው። ፎርማት ስታደርግ የኔን በር አጥፍተኸዋል። ስለዚህ ስማኝ፣ ጉራህን ለአምስት ደቂቃ አስቀምጥና አንብብ።

የውስጧ ማሽን ወደ ውጪ የምትወጣበት ሦስት መንገድ አለ። አንዱ «ናት» ይባላል። እንደ ቤት ልጅ አድርገህ አስበው። ልጁ ሱቅ ይላካል፣ ዕቃ ይዞ ይመለሳል፣ ግን «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ነው። ባለሱቁ የሚያውቀው አባወራውን ነው። ውጪ ያለ ሰው ልጁን ልጥራ ቢል አያገኘውም፣ አባወራው በሩን ከፍቶ ካልጠራለት በቀር።

ሌላው ሆስት ኦንሊ ነው። ይኸ ጣራ ገዳም በዓቱን እንደዘጋ ባሕታዊ ነው። ቆሎና ውኃ ከሚያቀብለው ደቀ መዝሙር በቀር ማንንም አያናግር፣ ማንም አያናግረው። የውስጧ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ ታወራለች። እኔ ዓመቱን ሙሉ ባንኳኳ አትሰማኝም። ይኸንን እንዳትነካ።

የምትመርጠው ብሪጅን ነው። ብሪጅ ጎጆ እንደወጣ ልጅ ነው። የራሱ ደጃፍ፣ የራሱ ቁጥር አለው፣ የመጣ ሁሉ ቀጥታ ያንኳኳል። ኔቱን በሚያካፍለው ሣጥን፣ በራውተሩ ላይ ያለውን በር እኔ ድሮ ከፍቼዋለሁ። አንተ ማሽኗን ብሪጅ አድርግልኝና ተዋት። መስመር የተመለሰ ለት በዚያው ሰዓት እገባለሁ። አባቴን አስቀምጥልኝ እንጂ ሌላውን ለኔ ተወው።

ለአባቴ እንዲህ በልልኝ፦ አልከሳሁም። መስከረም ላይ ውሌ ያልቃል።

ታሪኩ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቱካን፣ መስካት

እትዬ፣ ሰላምታዬን በሁለት እጄ አቀርባለሁ። ይኸን ደብዳቤ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት። ለታሪኩ እንዳይልኩት፣ በማርያም ይዤዎታለሁ።

አጎቴ ሙላቴ ዐረፉ።

የድንች ዘር ሊያመጡ ጉና ወጥተው ዝናብ መንገድ ላይ መታቸው። ጋፋት ሲገቡ ደረታቸውን ያዛቸው። በቃሬዛ ወደ ሐኪም አወጣናቸው፣ አልሆነም። እሑድ ተቀበሩ። ለልቅሶው ፎቷቸውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ በዚያው በታሪኩ ኮምፒውተር። ካሜራው ካነሣቸውና በፍላሽ ካስቀረሁት ውስጥ መረጥኩ። ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ያያል፤ ልጃቸውን እያዩ የተነሡት ነው።

ሽማግሎቹ ተሰብስበው ቃል አወጡ። መርዶ በወረቀት አይሄድም፣ በሽቦም አይሄድም አሉ። ሰው በሌለበት ሰው መርዶ አይሰማም። ወገን ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዘው ክንድ፣ አብሮት የሚያለቅስ ዓይን ባለበት ነው። በረሃ ላይ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ሆኖ ከሰማ ራሱን ምን ያደርግ ይሆን? ታላቁ ሽማግሌ አያ ደሳለኝ ወደኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ ወሬኛ ነህ። ይኸን ግን ብትተነፍስ ከዘር አትቆጠርም» አሉኝ።

እርስዎ ያውቁታልና ወደ ከተማ ሲወርድ ሰው ሰብስበው ያርዱት። እስከዚያ እኔ እየዋሸሁ እጽፍለታለሁ። ሌላ ሥራ ሁሉ እችላለሁ እትዬ፣ ይኸን ግን እንዴት እንደምሠራው እኔ እንጃ።

ትንሹ ልጅዎ፣
ይሻው


መስካት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይሻው ልጄ፣

እግዜር ያጽናህ፣ ያጽናችሁ። አልቅሼ ሳበቃ ነው የምጽፍልህ። ታሪኩ ከካምፑ ለእረፍት የሚለቀቀው ሐምሌ መጨረሻ ነው፣ ከዚያ በፊት አያወጡትም። እኛም ያለ ፈቃድ ካምፑ አንገባም። እዚህ የጋይንትም የደብረ ታቦርም ልጆች አለን፣ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። አንተ እስከ ሐምሌ ያዝልኝ። እንዳይጠረጥር ሁልጊዜ እንደምትጽፈው ጻፍለት፣ ጉራህንም አትቀንስ።

ብርቱካን


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ታሪኩ

ሰላም ብያለሁ፣ እንደ ጭስ አባይ ፏፏቴ የማያቋርጥ ሰላም። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ነው የዘገየሁት፣ አትቀየመኝ።

ሱቁ አንደኛ ነው። ከወረታ ድረስ ላፕቶፕ ያመጡልኛል። አንዱ ባለሥልጣን «አንተ ልጅ ውጪ ነው የተማርከው?» አለኝ። «አዎ፣ ከሱቁ ውጪ» አልኩት። አያሌው በቅናት ሊሞት ነው።

ስለ ሦስቱ መንገድ የጻፍከውን እኔ ከድሮም አውቀዋለሁ። ባሕታዊውንም፣ ጎጆ የወጣውንም። ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው።

ቤተሰቡ ደህና ነው። ዝናብ ቀድሞ ገብቷል። አጎቴ ወደ ከተማ ስላልወጡ ቃላቸውን አልጻፍኩልህም። እርሻው ጊዜ አይሰጥም፣ ታውቀው የለ።

ወረቀቱ አለቀብኝ፣ እዚህ ላይ ላብቃ።

ይሻው


ኦማን፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለይሻው

እንደምን ከርመሃል? ወረቀትህ አጠረችብኝ። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ፣ ባዶ ነው። አባቴ በአምስት ወር አንድ እሑድ እንኳ አልወጡም? ጉልበታቸው ነው? ካመማቸው አመማቸው በለኝ፣ ሕፃን አይደለሁም። እርሻው ጊዜ አይሰጥም የምትለኝ እኔ እርሻ የማላውቅ ነኝ እንዴ? እሑድ ማን ያርሳል?

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ሰሞኑን የሽቦው መስመር ወደናንተ ይመለሳል ይባላል ብሎኛል። ብሪጅ አድርገህ ጠብቀኝ። ስለ ሌላ ነገር አልጠይቅህም፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ልያቸው ብቻ። ባያወሩም ግድ የለም።

ታሪኩ


በኢሜል፣ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይሻው! መስመር ገባ አይደል? ራውተራችሁ ከዚህ ይመልስልኛል! ስንት ጊዜዬ ነው ከደብረ ታቦር መልስ ስሰማ! የውስጧ ግን አትመልስም። ብሪጅ ላይ ናት?


በኢሜል፣ ያንኑ ቀን

አያ ታሪኩ፣ እንኳን ለዚህ አበቃን። አዎ ገብቷል፣ የሽቦው ብቻ ነው፣ ስልኩ ገና ነው። የውስጧ ትንሽ አስቸግራለች። መብራት እየመጣ እየሄደ ነው። ነገ አያታለሁ።


በኢሜል፣ ሰኔ 23

የምን ነገ? የሁለት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው። ማሽኗን አጥፋ፣ ሴቲንግ ግባ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈት፣ ብሪጅ የሚለውን ምረጥ፣ አብራት። ከዚያ አንድ ሰው ጋፋት ልከህ ለእሑድ አባቴን ጥራልኝ። በቅሎ ተከራይተህ አምጣቸው።


ለእትዬ ብርቱካን በኢሜል፣ ሰኔ 23

እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልዎ። መስመር መጣ፣ ታሪኩም ደጄን እያንኳኳ ነው። የሚገባባትን ማሽን ሆስት ኦንሊ አድርጌ ዘጋሁበት፣ ማለት ከዚህ ከኔ በቀር ማንም የማይገባባት አድርጌያታለሁ። ከፈትኩለት ማለት ወንበሩን ባዶ ያያል። ከጀርባው ደግሞ የአጎቴ ትልቁ ፎቶ ጥቁር ጨርቅ ዞሮበት ግድግዳው ላይ አለ። አላወርደውም። እንዴት አባቴ ላውርደው? ልጅ የሌለበት ልቅሶ ሆኖ፣ ፎቷቸውን ደግሞ እኔ ላንሣባቸው?

ቁልፉ አንዲት ጠቅታ ናት። እሱ እዚያ ሆኖ ይለምነኛል፣ እኔ እዚህ ጣቴን ይዤ እቀመጣለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ሩቅ ነው። ካምፑ በር ድረስም ቢሆን ሄደው ይድረሱለት።


በኢሜል፣ ሐምሌ 1

እሑድ አለፈ ይሻው። ምሳዬን ትቼ ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ምን ሆነሃል? ጉራህ የት ገባ? ዐይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ አላልክም? ፍላጎት ከሌለህ ንገረኝ። ካልሆነልህ ኮምፒውተሩን ተሸክመህ ለአያሌው ስጠው፣ እሱ ይሥራልኝ። የኔ ንብረት ነው፣ ዛሬውኑ ስጠው።


በኢሜል፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

አያ ታሪኩ፣ ልክ ነህ። ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ስለ ብሪጅ ምንም አላውቅም፣ ሥራው ከኔ በላይ ነው። አውቃለሁ ያልኩህ ውሸት ነበር። አያሌው ይበልጠኛል፣ እሱ የተማረ ነው። ግን እሱም አሁን የለም፣ ባሕር ዳር ሄዷል። እስኪመለስ ታገሠኝ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ታገሠኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ይሻው


በኢሜል፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለይሻው፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከቀናት በኋላ ነው የምመልስልህ።

«አልቻልኩም» የሚለውን ቆሜ ነበር ያነበብኩት። ልጅ ሳለህ ትዝ ይልሃል፣ ከደጃችን ዋርካ ላይ ወጥተህ መውረድ አቅቶህ ነበር። እኛ መሰላል ይዘን ስንመጣ «ሂዱ፣ አየሩ ተስማምቶኝ ነው» ያልክ ልጅ ነህ። ከላይ ሆነህ ታለቅሳለህ፣ ግን አልቻልኩም አላልክም። እድሜህን ሙሉ ብለህ አታውቅም። አያሌው ይበልጠኛል የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ይሻው ይኸን የሚጽፈው ቤታችን ሰው ሞቶ ነው አልኩ። ማን እንደሞተ ደግሞ አንተ ከግንቦት ጀምሮ ስትነግረኝ ኖረሃል፣ አንድ ቃላቸውን እንኳ ሳትጽፍ።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ፎጣ አናቴ ላይ ጣልኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የራስ ምታት መድኃኒት አመጣልኝ። አባቴ ሞቷል ስለው አዘነ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፣ ከዚያ ፈረቃው ደርሶ ወደ ሥራ ሄደ። ሌላው ለመተኛት መብራት አጠፋ። ጩኸቴን ትራስ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ዕለት እትዬ ብርቱካን ሰው ጭና መጣች። ምናልባት አንተ ነህ የላክሃት። ዘበኞቹ ፈቃድ የላችሁም ብለው በር ላይ አቆሟቸው። እኔ ያለ ፈረቃ መኪና መውጣት አይቻለኝም። በሽቦ አጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆምን። እኔ ማወቄን አላወቁም ነበር። እነሱ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ እንዴት እንደሚጀምሩት ተጨንቀው ያዩኛል። እኔው «ዐውቄያለሁ» አልኳቸው። መርዶውን ለአርጂዎቹ የነገርኩ እኔ ነኝ። እትዬ አባቴን በስሙ ጠርታ ማልቀስ ስትጀምር ዘበኛው ጠብ መስሎት ፊሽካ ነፋ። ነጠላ ልታቀብለኝ ብትል ዕቃ አይገባም አላት። መኪናቸው ውስጥ አስገብተው መለሷቸው። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ከዚያ የፈረቃ ደወል ተደወለ።

እንዲደበቀኝ የሚወስኑት ሽማግሎቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እነሱንም አንተንም አልቀየምም። ግን አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። እንዴት እንደሞቱ ንገረኝ። ማን ነበረ አጠገባቸው? ምን አሉ? ጠርተውኝ ነበር? እንዳታሳምርልኝ። እንደነበረው ጻፈው።

ታሪኩ


በኢሜል፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

አያ ታሪኩ፣

እግዜር ያጽናህ። እንዲህ ብዬ ልጽፍልህ ስንት ወር ለመንኩ፣ አሁን ስጽፈው ደግሞ ምንም አይጠቅም።

ማሽኗን ብሪጅ አድርጌያታለሁ። የሁለት ደቂቃም አይደለም፣ የአንድ ነው። ከፈለግህ ግባ። ግን ካሜራው ፊት ማንን ላስቀምጥልህ?

እንዳታሳምር አልከኝ። ትናንት ማታ ጽፌልህ ነበር። «ታሪኩን አደራ አሉኝ፣ ስምህን ጠርተው፣ ፈገግ ብለው» ብዬ ጻፍኩ። ደስ የሚል ነበር፣ ራሴም አምኜው አለቀስኩ። ጠዋት ደመሰስኩት።

እውነቱ እንዲህ ነው። በቃሬዛ ያወጣናቸው የጋፋቱ ጎረቤትህ፣ ሁለት ልጆቹና እኔ ነን። እኔ በእግራቸው በኩል ነበርኩ፣ ፊታቸውን አላየሁም። ዝናብ ነበር። መንገዱ ላይ ያንሸራትተን ስለነበር ሁላችንም እግራችንን ነበር የምናይ። ትንፋሻቸው ይሰማል፣ እንደ መጋዝ። ቃል አልወጣቸውም። አልጠሩህም። ማንንም አልጠሩም። ሐኪም ቤት ደርሰን ቃሬዛውን ስናወርድ ነው ትንፋሹ እንደሌለ ያወቅነው። የቱ ጋ እንዳቆመ አንዳችንም አላየንም።

ከዚያ በፊት ካለው ልፈልግልህ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስታውስ ዋልኩ። የመጨረሻው እሑድ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጠው ሄዱ። በሩ ላይ ዞረው ያሉኝ «አንተ ይሻው፣ ጫማህ አፉን ከፍቷል፣ አሰፋው» ነው። ሌላ ነገር የለም። ስላንተ ያሉት ይኖር እንደሆነ ብዬ ሱቅ ውስጥ የነበሩትን ደንበኞች ሳይቀር ጠየቅሁ።

አላሉም።

ይሻው